ለሞተው ዕድር አለው፤ በሕይወት ላለውስ ሽማግሌ?
(ከተፈጥሮ አደጋ በኋላ ለአረጋውያን ስለሚሰጥ የገንዘብ ርዳታ)

በአገራችን አንድ አደጋ በደረሰ ቍጥር፣ ጎርፍም ይሁን ድርቅ፣ የመሬት መንሸራተትም ይሁን፣ በመመገቢያ አዳራሻችን በር ላይ አንድ የካርቶን ሣጥን ይቀመጣል። ገሚሶቻችን የማንለብሰውን ሹራብ እንጥልበታለን፤ ገሚሶቻችን ብስኩት ገዝተን እናስገባበታለን፤ ጥቂቶቻችንም ጥቂት ብር እንከትበታለን። ሣጥኑ ሞልቶ መኪና ላይ ሲጫን ኅሊናችን ዕረፍት ያገኛል። ዳሩ ግን ያ ሣጥን በመጨረሻ በማን እጅ እንደ ገባ፣ የተቀበለውም ሰው ምን እንዳደረገበት መጠየቅ ልማዳችን አይደለም።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ ነው። በአደጋ የሚጐዳው ሕዝብ ብዙ ዓይነት ስለ ሆነ ሁሉን በአንድ ጽሑፍ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ አንዱን ወገን ብቻ፣ ማለት ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን አረጋውያን መርጠናል። ለእነርሱ የሚበጀው ርዳታ በዓይነት የሚሰጠው ነው ወይስ በገንዘብ? በገንዘብ ከሆነስ ገንዘቡ በጊዜው እንዲደርሳቸው ምን አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት? እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን እንጂ የኢኮኖሚ ሊቃውንት አይደለንም። ቢሆንም ነገሩ የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅም ጕዳይ ስለ ሆነ ያየነውንና ያነበብነውን ለጓደኞቻችን ማቅረብ ግዴታችን ነው ብለን እናምናለን።

1ኛ. የ15 ኪሎ ስንዴ ጕዞ

ባለፈው ዓመት በክረምቱ ዕረፍት ከእኛ መካከል አምስታችን ጎርፍ ወደ ጐዳው አንድ የገጠር ቀበሌ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ሄደን ነበር። የርዳታ እህል በሚታደልበት ቀን ከሰልፉ ውስጥ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ አንዲት ባልቴት አገኘን። ለአንድ ሰው የተመደበው 15 ኪሎ ስንዴ ነበርና ብቻቸውን የሚኖሩ ስለ ሆኑ 15 ኪሎ ተሰፈረላቸው። ከማከፋፈያው እስከ ቤታቸው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። «እማማ፣ እንሸከምልዎት?» ብለን ብንጠይቃቸው «እናንተ የዛሬ ናችሁ ልጆቼ፤ የመጪውን ወር ማን ይሸከምልኛል?» ብለው መለሱልን።

እኛም የስንዴውን ጕዞ ተከትለን በማስታወሻችን ጻፍነው። ለባለ አህያው 3 ኪሎ ከፈሉ። ወፍጮ ቤቱ የሚያስከፍለው በገንዘብ ስለ ሆነ ለመፍጫው፣ ለጨውና ለክብሪት የሚሆን ብር ለማግኘት 4 ኪሎ በመንገድ ዳር ሸጡ። በዚያን ቀን ስንዴ የተቀበለው ሰው ሁሉ ስንዴ ሻጭ ሆኖ ስለ ዋለ ዋጋው ከሌላው ቀን ዝቅ ያለ ነበር። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ጎርፉ ከዕቃቸው ጋራ ስለ ወሰደባቸው ለእርሱ ደግሞ ሌላ 2 ኪሎ ሸጡ፤ ያም ሆኖ የተገኘው ብር የታዘዘላቸውን ግማሽ እንኳ አልገዛም። በመጨረሻ ቤታቸው የደረሰው 6 ኪሎ ነው።

ማንም አልሰረቃቸውም፤ ማንም አላታለላቸውም። እህሉ በትክክል ተሰፍሯል፤ መዝጋቢውም በትክክል ጽፏል። ሆኖም ከ15 ኪሎው 9ኙ በአንድ ቀን ውስጥ ወይ ለጕልበት ዋጋ ሄዷል፣ ወይ በኪሳራ ወደ ገንዘብ ተለውጧል። እንግዲህ «ርዳታ በእህል ወይስ በገንዘብ?» የሚለውን ክርክር እኛ በክፍል ውስጥ ከመጀመራችን በፊት እማማ በገበያው ላይ በተግባር መልሰውት ነበር።

2ኛ. አረጋውያን ለብቻቸው የሚታዩት ስለ ምንድር ነው?

«አደጋ ሲመጣ ሽማግሌ፣ ወጣት ብሎ አይለይም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እንደሚለይ የሌሎች አገሮች ቍጥር ያስረዳል። በአውሮፓ አቈጣጠር መጋቢት 2011 በጃፓን ሰሜን ምሥራቅ የምድር መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል በደረሰ ጊዜ ከሞቱት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ነበሩ፤ ከአገሪቱ ሕዝብ ግን በዚህ ዕድሜ የነበረው ሩብ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2005 ነሐሴ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካንን የሉዊዚያና ግዛት በመታ ጊዜም ከሞቱት ግማሽ ያህሉ 75 ዓመት የሞላቸውና ያለፋቸው ነበሩ። እነዚህ ሁለቱ ሀብታም አገሮች ናቸው፤ መኪናም፣ ሐኪም ቤትም፣ ራዲዮም የሞላባቸው ናቸው። ቢሆንም በፍጥነት መሮጥ ያልቻለው ወደ ኋላ ቀረ።

ከሞት የተረፈውም ሽማግሌ ቢሆን ችግሩ ከወጣቱ የተለየ ነው። በሬው የሞተበት የ25 ዓመት ጐልማሳ ወደ ከተማ ሄዶ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ወይም በርዳታው ድርጅት የእርከንና የመንገድ ሥራ ገብቶ ደመወዙን ያገኛል። የ75 ዓመቱ ሽማግሌ ግን ድንጋይ ተሸከም ቢሉት አይችልም። ወጣቱ ዛሬ የሸጣትን ላም ከአምስት ዓመት በኋላ ይተካታለሁ ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ ሽማግሌው የመጨረሻ ላሙን ከሸጠ ግን የሚተካበት ዘመን የለውም።

ከዚህም ሌላ በብዙ ቤት ሽማግሌና ባልቴት ጧሪ የሚሹ ብቻ ሳይሆኑ እነርሱም አሳዳጊዎች ናቸው። ልጃቸው ለሥራ ወደ ከተማ ወይም ወደ ዐረብ አገር ስትሄድ ሕፃናቱን ትታላቸው ትሄዳለች። ስለዚህ ለአያት የሚሰጥ ብር የልጅ ልጅ ደብተርና እርሳስ ይሆናል። በመጨረሻም ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ዕድሜውን ሙሉ እንግዳ ሲቀበልና የተጣላ ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ በእርጅናው በሰልፍ ቆሞ እጁን ከሚዘረጋ ይልቅ ቤቱን ዘግቶ መራብን ይመርጣል። ይህን ያላየ መዝጋቢ «ሰውዬው ስላልመጣ አልተቸገረም» ብሎ ይጽፋል።

3ኛ. እህል ወይስ ገንዘብ?

ረሀብ በተባለ ጊዜ ሁላችንም ቶሎ የሚታየን የእህል እጦት ነው። ይህን አስተሳሰብ በብርቱ ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ሕንዳዊው አማርትያ ሴን ነው። ሴን በልጅነቱ የ1943ን የቤንጋል ረሀብ በዓይኑ ያየ ሰው ሲሆን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ከመረመራቸው ረሀቦች አንዱ የእኛው የወሎ ረሀብ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ሲያልቅ በአገሪቱ በጠቅላላው የነበረው የምርት መጕደል የእልቂቱን ያህል አልነበረም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበረ። እንደ ሴን አስተያየት ገበሬውን የገደለው ማሳው ሲደርቅ የራሱን እህልና የመግዛት ዐቅሙን በአንድነት ማጣቱ ነው። ከብቱን ሊሸጥ ቢወጣ የከብት ዋጋ ወድቋል፤ ጕልበቱን ሊሸጥ ቢወጣ ቀጣሪ የለም። ኪሱ ባዶ ለሆነ ሰው ደግሞ ገበያው እህል አይልክም።

በዚህ አስተያየት ላይ የተከራከሩ ሊቃውንት አሉ፤ በወሎ ውስጥ የነበረው የምርት ውድቀትና የመንገድ እጦት ሊዘነጋ አይገባም ይላሉ። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ ለእኛ ጕዳይ የሚጠቅመው ትምህርት ግልጽ ነው። ገበያው እየሠራ ሳለ ሰው ሊራብ ይችላል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ገንዘብ በእጁ ቢገባ እህሉ ተከትሎት ይመጣል። ያን ጊዜ ወሎን ሄደው ካዩት መካከል የዩኒቨርሲቲ መምህራን እንደ ነበሩበትና ያመጡትም ፎቶግራፍ በዚያው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለተማሪው እንደ ታየ ማስታወስ ይገባናል፤ ነገሩ ከጥንትም የእኛ የተማሪዎች ጕዳይ ነው።

ነገር ግን ገንዘብ ሁልጊዜና በሁሉ ስፍራ ይበልጣል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የዚህም ማስረጃ ከአገራችን ይገኛል። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ለአንድ ቀን የሚከፈለው 6 ብር ነበር፤ ይህም 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ የታሰበ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በድንገት ሲንር ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም የዋጋውን ሩጫ ሊደርስበት አልቻለም። ቀድሞ ገንዘብ ይሻለናል ይሉ ከነበሩት ብዙዎቹ ያን ጊዜ «እህሉን ስጡን» አሉ። ፍርዳቸውም ትክክል ነበር፤ 3 ኪሎ እህል ዋጋ ቢንርም ባይንርም 3 ኪሎ ነውና።

ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ቢሆን ይሻላል እንላለን። በመጀመሪያ ወደ ገበያው መሄድና መጠየቅ ነው። እህል አለ ወይስ የለም? መንገዱ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል? ዋጋውስ ከአምናው ምን ያህል ጨምሯል? እህል ካለና ዋጋው ካልናረ ለሽማግሌው ገንዘብ ይበጀዋል፤ ከእህሉም፣ ከመድኃኒቱም፣ ከቆርቆሮውም የቸገረውን እርሱ ያውቃልና። ገበያው ከፈረሰ ግን እህሉ እስከ ደጁ መድረስ አለበት እንጂ የሁለት ሰዓት መንገድ ድረስ እርሱን መጥራት ተገቢ አይደለም።

4ኛ. የፊጂ ደሴቶች ትምህርት

ከዚህ በላይ ያልነው ሁሉ ስለ ርዳታው ዓይነት ነው። ከዓይነቱ ይልቅ የሚከብደው ግን ጊዜው ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ዘግይቶ የሚመጣ ርዳታ ሽማግሌውን በመቃብር ወይም በልመና ላይ ያገኘዋል። ገንዘብ እንዴት በቶሎ ሊደርስ እንደሚችል ለመረዳት ከእኛ እጅግ ርቃ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ አገር እንሂድ።

ፊጂ ከ300 በላይ ደሴቶች ያሏት፣ የሕዝቧም ብዛት ከአንድ ሚሊዮን በታች የሆነ አገር ናት። በአውሮፓ አቈጣጠር የካቲት 20 ቀን 2016 ዊንስተን የተባለ አውሎ ነፋስ መታት። ዕለቱ በእኛ አቈጣጠር የካቲት 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ ሰማዕታቶቻችንን በምናስብበት ቀን የፊጂ ሕዝብ የራሱን ሙታን ይቈጥር ነበር። 44 ሰዎች ሞቱ፤ ከ30 ሺህ በላይ ቤቶች ፈረሱ ወይም ተጐዱ። እንደ ኮሮ ባሉት ደሴቶች በብርቱ ከተመቱት መንደሮች ቆሞ የቀረ ቤት ጥቂት ነበር።

የፊጂ መንግሥት ለዚህ አደጋ ብሎ አዲስ መዝገብ ሊከፍት አልተነሣም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ2013፣ ሌላ ጡረታ ለሌላቸው 70 ዓመት ላለፋቸው አረጋውያን በየወሩ 30 የፊጂ ዶላር የሚከፈልበት የማኅበራዊ ጡረታ አቋቁሞ ነበር። አውሎ ነፋሱ በመጣ ጊዜ የዕድሜው ወሰን ወደ 68 ዝቅ ብሎ በመዝገቡ ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ አረጋውያን ተጽፈው ነበር። እንግዲህ የቀረው ሥራ በዚያው መዝገብና በዚያው የክፍያ መንገድ ላይ ገንዘብ መጨመር ብቻ ነበር። ለእያንዳንዱ አረጋዊ በአንድ ጊዜ 300 የፊጂ ዶላር፣ በድኽነት ድጎማ መዝገብ ለነበረ ቤተሰብ ደግሞ 600 ዶላር ታዘዘ፤ ገንዘቡም በአንድ ወር ገደማ ውስጥ መከፈል ጀመረ። ከዚያ በኋላ በድጎማው ተቀባዮች ላይ የተደረገው ጥናት እንደሚያስረዳው ገንዘቡ ከሞላ ጐደል የዋለው ለምግብ፣ ለቤት ጥገናና ለመሳሰለው አስፈላጊ ነገር ነው። ገንዘቡን ያገኙትም ቤተሰቦች ካላገኙት ቶሎ ራሳቸውን ችለዋል።

ይህ ሲባል ጕድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ጭማሪው የተሰጠው በመዝገቡ ላይ ላለ ሁሉ ስለ ነበረ ነፋሱ ያልነካው ሰውም ተቀብሏል፤ በአንጻሩ ቤቱ የፈረሰበት ነገር ግን በመዝገቡ ያልነበረ ድኻ በዚህ መንገድ አልተረዳም። ሆኖም ፊጂዎች ከሁለት ስሕተቶች አንዱን መረጡ። አንዱ ስሕተት ለጥቂት ላልተጐዱ ሰዎች መስጠት ነው፤ ሌላው ስሕተት የተጐዳውን ከማይጐዳው እስኪለዩ ድረስ ሁሉንም ማዘግየት ነው። ሰባ ዓመት ላለፈው ሰው ሁለተኛው ይከፋል።

5ኛ. መዝገቡ በእኛ አገር

በእኛ አገር የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በአዋጅ ከጸና ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የግል ድርጅት ሠራተኛም በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የጡረታ መብት አግኝቷል። ነገር ግን አብዛኛው የአገራችን ሽማግሌ ደመወዝተኛ አልነበረም፤ ገበሬ ነበር፤ ወይም ሸማኔ፣ ወይም በየገበያው ቅቤና በርበሬ የምትሸጥ እናት ነበረች። እነዚህ ሰዎች ከደመወዛቸው ላይ ለጡረታ የሚቈረጥላቸው ስላልነበረ ስማቸው በጡረታ መዝገብ ላይ የለም።

ወደ ፊጂው ዓይነት መዝገብ የሚቀርበው ቀደም ብለን ያነሣነው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። በዚያ ፕሮግራም ጕልበት ያለው ሰው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ ይከፈለዋል፤ ለሥራ ያልቻሉ ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች ግን «ቀጥታ ድጋፍ» በሚባለው ክፍል ያለ ሥራ እንዲከፈላቸው ተደርጓል። በመጀመሪያ ክፍያው የዓመቱ ስድስት ወር ብቻ የነበረ ሲሆን በኋላ ሥራ ለማይችሉት ዓመቱን ሙሉ እንዲሆን ተወስኗል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ፕሮግራሙ የተመሠረተው የምግብ እጥረት በሚደጋገምባቸው የተመረጡ ወረዳዎች ነው። አደጋ ግን አስቀድሞ ወረዳ አይመርጥም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ተራራው ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ብዙ ጎረቤቶችም አብረው እንዳለቁ ሁላችንም ሰምተናል። እንዲህ ያለ ነገር በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ ነው፤ መዝገብ ለመክፈት ጊዜ አይሰጥም።

ታዲያ አስቀድሞ መዝገብ ማዘጋጀት ለሕዝባችን እንግዳ ነገር ነውን? ፈጽሞ አይደለም። ዕድርን እንመልከት። ዕድር ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው፤ የአባላት ስም ያለበት ደብተር አለው። ገንዘብ የሚሰበስበው ሬሳ ቤት ውስጥ ከተጋደመ በኋላ አይደለም፤ በየወሩ አስቀድሞ ነው። ስለዚህ የጡሩምባው ድምፅ እንደ ተሰማ ድንኳኑ ይተከላል፤ ገንዘቡም ለሐዘንተኛው ይሰጣል፤ «ማመልከቻ ጻፍ፤ ማስረጃ አምጣ፤ ነገ ተመለስ» የሚል የለም። ፊጂዎች በመንግሥት ደረጃ የሠሩትን የእኛ እናቶችና አባቶች በየመንደሩ ሲሠሩት ኖረዋል።

ዳሩ ግን እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር ይታየናል። አንድ ሽማግሌ ሲሞት ለቀብሩ የሚሆነው ገንዘብ በዕለቱ ይገኛል። ያው ሽማግሌ ቤቱ በጎርፍ ተወስዶበት በሕይወት ሲገኝ ግን ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ጥናት ይደረጋል፤ ወራት ያልፋሉ። በብዙ ዘመን የተፈተነው የመዝገብ ዕውቀታችን ለሙታን ሲፈጥን ለሕያዋን እንዲዘገይ የፈቀድነው እኛው ነን።

6ኛ. ገንዘቡ በማን እጅ ይግባ?

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናዘዝ አለብን። በዚያው ክረምት እኛ በጻፍነው መዝገብ መሠረት ለየቤተሰቡ ገንዘብ ታደለ። የጻፍነው አባወራ እየጠራን ነበር። ባንድ ግቢ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ቤት ጀርባ በራሳቸው ጎጆ ይኖሩ ነበር፤ ምድጃቸውም ለብቻው ነው። እኛ ግን ግቢው አንድ ስለ ሆነ በልጃቸው ቤተሰብ ውስጥ ቈጠርናቸው። ገንዘቡም ለልጁ ተሰጠ። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አምስት ሕፃናት ስላሉት የራሱን ቤት ጣራ አስቀደመ። ብሩም በዚያው አለቀ። ልንሰናበት በሄድን ጊዜ የሽማግሌው ጎጆ ያው እንደ ፈረሰ ነበር። ስማቸው ለብቻው እንዳልተጻፈ ስንነግራቸው «ወይ ልጆቼ፣ በእናንተ መዝገብ ሞቼ ኖሯል?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም።

ከዚህ የተማርነው ነገር መዝገብ በአባወራ ብቻ ሳይሆን በሰው መጻፍ እንዳለበት ነው። በተለይ አረጋዊው ለብቻው መጠየቅ አለበት፤ ልጁ ወይም ምራቱ ባለችበት ሳይሆን ብቻውን ቢሆን ይሻላል። ሌሎችም ነገሮች አሉ። መታወቂያው በጎርፍ የተወሰደበት ሽማግሌ በጎረቤት ምስክርነት ሊቀበል ይገባዋል። በጣት አሻራ የሚከፈልበትም ስፍራ ሲኖር ዕድሜውን ሙሉ ሞፈር ሲጨብጥ የኖረ ጣት መስመሩ ስለሚጠፋ መሣሪያው «አላውቀውም» የሚልበት ጊዜ አለ። በስልክ ይላክ ቢባልም ስልኩ የልጅ ልጁ ነው፤ የምስጢር ቍጥሩንም የሚያውቀው እርሱ ነው። መራመድ ላልቻለ ሰው ወኪል ይፈቀድ፤ ነገር ግን ወኪሉን ሽማግሌው ራሱ ይምረጥ፤ ከተከፈለም በኋላ «ደረሰዎት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቤቱ ድረስ ይሂድ። ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን 300 ዶላሩም 6 ብሩም ሽማግሌው እጅ መድረስ አለመድረሱ የሚቈረጠው በእነዚህ ትንንሽ ነገሮች ነው።

7ኛ. ለሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ወላጅን መጦር የልጅ ግዴታ ነው፤ መንግሥት ወይም ማኅበር ቢገባበት ባህላችን ይጠፋል» ይሉናል። ግዴታነቱን አንክድም። ነገር ግን አደጋው የአባትን ቤት ሲያፈርስ የልጅንም ቤት አብሮ ያፈርሳል። ጧሪውና ተጧሪው በአንድ ቀን በተራቡ ጊዜ ለአባት በስሙ የሚሰጥ ገንዘብ የልጁን ሸክም ያቀልለታል እንጂ ግዴታውን አይሽርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ገንዘብ ከሰጠናቸው በጠላና በአረቄ ይጨርሱታል» የሚል ነው። ከላይ ያየነው የፊጂ ጥናት ይህን አያሳይም። እኛም እማማን ስንከተል ያየነው ጨው፣ ክብሪት፣ ወፍጮና መድኃኒት ነው። ደግሞስ ሰባ ዓመት ሙሉ ክፉ ቀንን በጥቂት ቁና ሲሻገር የኖረን ሰው ስለ ቍጠባ የምናስተምረው እኛ ነን? የእኛ የኪስ ገንዘብ ከወሩ አጋማሽ እንደማያልፍ ሁላችንም እናውቃለን።

ሦስተኛው «ርዳታ ስንፍናን ያስተምራል» የሚለው ነው። ይህ ስለ ጐልማሶች የሚባል ክርክር ይሁን፤ ለክርክሩም ሌላ ቀን አለ። ነገር ግን ለሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ስንፍናን ማስተማር ይቻላል ብሎ የሚፈራ ሰው ካለ ፍርሃቱ ከቦታው የወጣ ይመስለናል።

8ኛ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህ ጽሑፍ ለመንግሥት ምክር ለመስጠት የተጻፈ አይደለም። ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆኑ ሦስት አሳቦች ብቻ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የማኅበራችን ሣጥን ከእንግዲህ ወዲህ በተቻለ መጠን ገንዘብ ይሰብስብ። አሮጌ ሹራብ ለመጫኛ የሚያስወጣው የመኪና ኪራይ ከሹራቡ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የጥርሱ ብዛት ለጐደለ ሽማግሌም ደረቅ ብስኩት ምግብ አይሆነውም።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ አደጋ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን እንደ ዕድር በየወሩ ይሰብሰብ። ከእያንዳንዳችን የአንድ ሻይ ዋጋ ቢዋጣ ጡሩምባው በተነፋ ቀን ከባዶ አንጀምርም።

ሦስተኛ፣ በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንበተን እያንዳንዳችን በትውልድ ቀበሌያችን ከዕድሩ ጸሐፊ ጋራ ተቀምጠን ብቻቸውን የሚኖሩትን፣ ወይም በልጅ ግቢ በጓሮ የሚኖሩትን አረጋውያን ስም ለብቻ እንጻፍ፤ ፈቃዳቸውንም እንጠይቅ፤ ደብተሩም በዕድሩ እጅ ይቀመጥ። ይህ ሥራ እስክሪብቶና ትዕግሥት እንጂ ሌላ ወጪ የለበትም። አደጋው ከመጣ በኋላ በችኰላ የሚጻፈው መዝገብ ማንን ዘንግቶ እንደሚያልፍ እኛ በራሳችን እጅ ጽፈን አይተነዋል።

በሦስተኛው አሳብ ላይ በመካከላችን ያልተስማማንበት ነገር አለ። ገሚሶቻችን «ስማቸው ከተጻፈ በኋላ ርዳታው ባይመጣስ? ለሽማግሌዎች ባዶ ተስፋ መስጠት አይሆንምን?» ብለዋል። ጥያቄው ከባድ ስለ ሆነ መልሱን እኛ ብቻችንን ልንወስን አልወደድንም። አስተያየት ያላችሁ አንባቢያን ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን። እስከዚያው ግን አንዳችን በመጪው ክረምት ወደዚያ ጎርፍ ወደ ጐዳው ቀበሌ እንዲመለስ፣ የእኒያንም ሽማግሌ ስም በራሳቸው መስመር ላይ እንዲጽፍ ተስማምተናል።